ወገቤን ነው

ባሌን ያወቅሁት በሸሚዙ ነው። እኔ ላውንድሪ ቤት ተኳሽ ነኝ። ተኳሽ ነኝ ስል ሰው ይደነግጣል፤ የምተኩሰው ግን ሸሚዝ ነው። ሰውን ፊቱን ሳላይ በኮሌታው አውቀዋለሁ፤ ቁጡውን፣ ሰነፉን፣ አንገቱን የማይታጠበውን፣ ሚስቱ የማታውቀው ሽቶ ያለበትን። የሱ ኮሌታ ግን ግራ ያጋባኝ ነበር። ጥቁር ፀጉር፣ ሽበት፣ ለስላሳ የሕፃን ፀጉር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተሰክቶበት ይመጣል። አንድ ቀን ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ አላስቻለኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ከስንት ሰው ጋር ነው የምታድረው?» አልኩት።

«ኧረ እኔ ብቻዬን ነው የማድረው! ፀጉር አስተካካይ ነኝ» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ሁሉ ይስቃል። እኔም ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። በዚያው ተጋባን ብል ብዙም ውሸት አይሆንብኝም።

ሁለታችንም ሠላሳን አልፈን ነበር። ልጅ እንፈልግ ነበር፤ እኔ በተለይ። አላፍርበትም፣ ፈለግሁ ማለት ፈለግሁ ነው። ገና ያልተፀነሰ ልጅ የሚተኛበትን ጥግ እያሰብኩ ባሌን እጨቀጭቀው ነበር። አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙር እለዋለሁ፤ ያዞራል። በማግስቱ ደግሞ ኧረ ብርድ ይገባበታል፣ መልሰው እለዋለሁ፤ ይመልሳል። እናቴ በሄድኩ ቁጥር ሆዴን ሆዴን እያየች «አሁንም ያው ቀሚስ ልክሽ ነው?» ትለኛለች። «ልኬ ነው እማዬ» እላታለሁ። ምን በወጣኝ ልዋሽ?

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ወንድ ልጇን ይዛ ፀጉር ቤቱ መጣች። የልጁ ጉንጭ አብጦ በሻሽ ታስሯል። ጆሮ ደግፍ ነው። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ቢሆን «ሲሻለው አምጪው» ብሎ ይመልሳት ነበር። የኔው ጉድ ግን «አንተ፣ ብርቱካኑን ጉንጭህ ውስጥ ደብቀህ ልትወጣ?» እያለ፣ ልጁን እያሳቀ፣ ሻሹን ፈቶ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ከረከመው። ሥራው እንደዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹ ከትንፋሻቸው ተቀላቅሎ ነው የሚውለው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሱም ጉንጭ አበጠ።

ሳቅንበት። ይህን የሚያህል ጎልማሳ በልጆች በሽታ! በሩ ላይ «ዝግ ነው» ብሎ ለጥፎ ቤት ተኛ፤ እኔም ሾርባ እየሠራሁ፣ ሻሽ እያሰርኩለት፣ ሰፈሩን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁት። ከዚያ የጉንጩ እብጠት መጉደል ሲጀምር ትኩሳቱ እንደ አዲስ ተነሣ። በሽታው ወደ ታች ወርዶ ነበር። ይህን እኔ አላወቅሁም። እሱ ግን እንዴት አያውቅም? መራመድ አቅቶት ግድግዳ እየተደገፈ ነበር ሽንት ቤት የሚሄደው።

«ምንህን ነው?» አልኩት።

«ወገቤን» አለ።

ወገብ ብዙ የሚያሸክሙት ቃል ነው። ወንድ ልጅ ከእምብርቱ በታች ያመመውን ሁሉ ወገቤን ይላል፤ ሰሚው እንደየአስተዳደጉ ይረዳዋል። እኔን ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ለእናቴ ወገብ ወገብ ነው። ስለዚህ ደግፌ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ተረኛዋ ነርስ የአንዱ ደንበኛው ልጅ ሆና ተገኘች፤ አባቷን ሲላጭ እሷ አጠገቡ ቆማ አረፋውን በጣቷ እየነካች ነው ያደገችው።

«ውይ ጋሼ! ምን ሆነው ነው?» አለችው።

ጋሼ ከተባለ በኋላማ እንዴት ብሎ አፉን ይክፈት? «ወገቤን ነው፣ እህቴ» አለ። ጉንጩ ጎድሎ ነበርና ጆሮ ደግፉንም አላነሣላት። እሷም ወገቡን ጫን ጫን አድርጋ አይታ፣ ማስታገሻና የሚታሽ ቅባት ሰጥታ ሸኘችን።

ቅባቱን ጠዋትና ማታ አሸሁት። በደረቱ ተኛ ብለው አልተኛም አለኝ፤ በጎኑ ተጠማዞ ጀርባውን ሰጠኝ። «እዚህ ጋ ነው?» እለዋለሁ። «አዎ፣ እዚያ ጋ» ይለኛል። «ትንሽ ዝቅ ልበል?» «አይ፣ እዚያው ደህና ነው።» ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ምንም ያላመመውን ቦታ እያሸሁለት «እጅሽ ይባረክ» ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል፤ ቆሽቴም ያርራል። ሚስትህ አይደለሁም እንዴ? የኔን እንጂ የማንን ዓይን ትፈራለህ?

ትኩሳቱ በረደ፤ ተነሥቶ ሥራ ገባ። ዳነ አልን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ቀስ እያለ ስለመጣ ይህ ነው የምለው ቀን የለኝም። መጀመሪያ ጢሙ ሄደ። ጠዋት ጠዋት ካልተላጨ እንደ ጃርት የሚዋጋኝ ሰው፣ አንዳንዴ ብቻ ምላጭ የሚያነሣ ሆነ። ደንበኞቹ «የኛን እየላጨህ የራስህ አኮረፈህ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ከጢሙ በኋላ ጉልበቱ ሄደ። ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። አልጋ ላይ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እጄን ትከሻው ላይ ሳደርግ እጄን መታ መታ ያደርጋል፣ ቸር አጎት እንደሚያደርገው፤ ከዚያ ይተኛል።

እኔ ታዲያ ምን አልኩ? ሴት ይዟል አልኩ። ምን ልበል ሌላ? ዓይኔ ደም ለብሶ ኮሌታውን መመርመር ጀመርኩ። ሥራዬ ነው፤ ከኔ የሚያመልጥ ኮሌታ የለም። ፀጉርና ፓውደር ብቻ አገኘሁ። ይህ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ ብልጥ ሴት ናት ማለት ነው። አንድ እሁድ ሸሚዙን ወረወርኩበትና «ንገረኝ፣ ማን ናት?» ብዬ ጮህኩ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ሸሚዙን ከወለል አንሥቶ አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና አለቀሰ። ወንድ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም አልልም። ምክንያቱን ራሱ የማያውቀው ልቅሶ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ሴት እንደሌለች ያን ጊዜ ገባኝ፤ እፎይ ማለት ሲገባኝ ፈራሁ።

ምክንያቱን ያገኘነው እጁ ሲሰበር ነው። ፀጉር ቤቱ ውስጥ እርጥብ ወለል አዳልጦት ተቀመጠ፤ እንዲያው ልጅ የሚወድቀውን ያህል ነው የወደቀው። የእጁ አንጓ ግን ተሰበረ። የአጥንት ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ ቆየና «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለው። ነገረው። እንደገና ጠየቀው። እንደገና ነገረው። «ይህ የሽማግሌ አጥንት ነው» አለና ወደ ሆርሞን ሐኪም ላከን።

የሆርሞን ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ፊቱን አዩ፣ አገጩን ዳሰሱ፣ ከዚያ በቀጥታ «ልጄ፣ ጆሮ ደግፍ አሞህ ያውቃል?» አሉት።

«አዎ፣ ካገባሁ በኋላ።»

«ወደ ታች ወርዶብህ ነበር?»

እኔን ሰረቅ አድርጎ አየኝ። «ወገቤን አሞኝ ነበር» አለ።

«የቱን ወገብህን?» አሉት።

ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። «ፍሬዎቼን» አለ። «ሁለቱንም። የብርቱካን ያህል አብጠው ነበር።»

አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጠዋትና ማታ ያሸሁት ጀርባ፣ ምስጋናው፣ ላቡ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ መጣብኝ።

ደሙ ተመረመረ፤ ሌላም ሌላም ተመረመረ። ውጤቱን ልንሰማ የሄድን ቀን ሐኪሟ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋ አድርገው የሁለት እጃቸውን ጣቶች አቆላለፉ።

«እንዲህ ነው የሚኖሩት» አሉ። «ይኸኛው ሆርሞን የሚሠራው ሴል ነው። ጢምህን፣ ጉልበትህን፣ አጥንትህን፣ ደስታህን ሳይቀር የሚያዝዘው እሱ ነው። ይኸኛው ደግሞ የሰውነት ጠባቂ ነው፤ በሽታ ሲገባ የሚዋጋው። ፍሬ ውስጥ ሁለቱ ጎረቤት ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ ጣት ለጣት ተቆላልፈው ነው። በደህናው ጊዜ ጠባቂው ለጎረቤቱ ሆርሞን መሥሪያ የሚሆን ቅባት ያቀብለዋል።»

«ጠባቂ ሆኖ ቅባት ያቀብላል?» አልኩ።

«ያቀብላል። ጠባያቸውም ሌላ ቦታ ካሉት የለዘበ ነው። የወንድ ዘር መፈጠር የሚጀምረው ለአቅመ አዳም ሲደርስ አይደል? ስለዚህ ቤተኛውን ገና በሕፃንነት ለይቶ ለጨረሰ ሰውነት እንግዳ ነው። ጠባቂዎቹ እንግዳ ባዩ ቁጥር ቢነሡ ኖሮ ማንም አይወልድም ነበር። እያዩ እንዳላዩ ማለፍ ለምደዋል።»

«ታዲያ የኔን ምን ነካቸው?» አለ ባሌ።

«በሽታው ገባባቸው። ያን ጊዜ የቁጣ መልእክት ይረጫሉ፤ ሌሎች ጠባቂዎችንም ከደም ውስጥ ይጠራሉ። መልእክቱ ለበሽታው ነው፤ ግን ጎረቤትም ይሰማዋል። ሆርሞን ሠሪው ደንግጦ ሥራውን ያቆማል። ብዙ ሰው ላይ ነገሩ ሲበርድ መልሶ ይጀምራል። አንተ ላይ እብጠቱ በዛ፤ ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው፣ መተንፈሻ የለውም። ታፍነው ብዙዎቹ ሞተዋል። ዘር የሚፈጠርበትም አብሮ ተጎድቷል።» ጣቶቻቸውን ለያዩ።

«የገዛ ጠባቂዎቼ ናቸዋ የጨረሱኝ» አለ።

«ሊያድኑህ ነበር፣ ልጄ።»

እኔ ግን አልማራቸውም። ዕድሜህን ሙሉ ጣት ለጣት ተያይዘህ፣ ቅባት እያቀበልክ ኖረህ፣ አንድ ቀን ሌባ ገባ ብለህ የጎረቤትህን ቤት ታቃጥላለህ? እንዲህ ያለ ጥበቃ ምን ያደርጋል? ይህን በሆዴ ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ ጮክ ብዬ ኖሯል። ሐኪሟ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ያኔውኑ ብንመጣስ?» አልኳቸው። «ወገቤን ባይልስ?»

«ሕመሙን እናስታግስለት ነበር። ፍሬውን እናድነው ነበር ወይ ካልሽኝ፣ አላውቅም። ማንም አያውቅም።»

አዎ ቢሉኝ ደስ ባለኝ። የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። ቤት ገብቼ ባሌን እስኪወጣልኝ ተቆጥቼው፣ አልቅሼ፣ ታርቀን ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን ያን እንኳ አልሰጡኝም።

ከዚያ ስለ መድኃኒቱ ነገሩን። መርፌ አለ። የጎደለውን ሆርሞን ይተካል፤ በየጊዜው እየተወጋ መኖር ነው። አጥንቱ ይጠነክራል፣ እንቅልፉና ሐዘኑ ይቀልለታል፣ ሰው ይሆናል። ባሌ ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ። ሐኪሟ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም።

«ዘሩን ደጋግመን አይተናል፤ ለወደፊት ተብሎ በረዶ ውስጥ የሚቀመጥ እንኳ ሕይወት ያለው አላገኘንም» አሉ። «ያም ሆኖ አንዳንድ ሰው ላይ ቆይቶ ጥቂት ይመለሳል። ተስፋው ቀጭን ነው፤ የለም ግን አልላችሁም። መርፌው ይህን ይዘጋዋል። ሆርሞኑ ከውጭ ሲመጣለት አንጎል ፍሬውን ማዘዝ ይተዋል፤ የቀረችው ትንሽ ሥራም ትቆማለች። ስለዚህ ተመካከሩ።»

ባሌ ሐኪሟን አላያቸውም። እኔን እያየ «አልወጋም። እንጠብቃለን» አለ።

እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው፤ ምን ይደበቃል? ተስፋው ቀጭን ነው አሉ እንጂ የለም አላሉም። አውቶቡስ ውስጥ እጁን ይዤ፣ በመስኮት እያየሁ፣ ቀጭን የምትለዋን ቃል በሆዴ አገላብጬ አገላብጬ ወፍራም አደረግኋት።

ጠበቅን። ጠበቅን ማለት እሱ እያለቀ እኔ ጠበቅሁ ማለት ነው። የእጁ ስብራት ጠገገ፤ ሌላው ሁሉ ባሰ። ደረጃችንን ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ የሚያየው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው። ለምን እንደሚጠብቅ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። በየወሩ ፊቴን አይቶ እንዳልፀነስኩ ያውቃል፤ ሻይ አፍልቶ ያመጣልኛል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የተተኮሱ የሥራ ካፖርቶቹን ላደርስለት ፀጉር ቤቱ ሄድኩ። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ አየሁት። ተራ የሚጠብቀው አንዱ ደንበኛ ተነሥቶ በእጁ በእግሩ እያሳየ ቀልድ ያወራል። ሰዉ ሁሉ ፈነዳ። ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬ እንኳ አረፋ እንደተቀባ ይንፈራፈራል። ባሌ መቀሱን ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ፊታቸውን አየ። ሳቅ እንደሆነ ሲገባው ጥርሱን ገለጠ። ትከሻው አልተነቃነቀም። ሁሉም ዝም ሲሉ እሱ ጥርሱን መልሶ መክደን ረስቶት እንደዚያው ቆየ።

ካፖርቶቹን እጄ ላይ ይዤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ያን ቀን የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ፤ ሥራ ከያዝኩ አቃጥዬ አላውቅም።

ቤት ሲገባ ጫማውን እኔ አወለቅሁለት። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩት።

«ምን ልንሆን?»

«መርፌህን ልትወጋ።»

«ልጁስ?» አለ።

«የቱ ልጅ?»

«የምትፈልጊው።»

«የምፈልገውን እኔ አውቃለሁ» አልኩት። ድምፄ ቁጣ ቁጣ ይል ነበር፤ ሳለቅስ እንደሱ ነኝ።

«አንድ ቀን ትፀፀቻለሽ።»

«እፀፀታለሁ» አልኩት። «ካንተ ጋር ሆኜ እፀፀታለሁ። ብቻዬን ከምፀፀት ይሻለኛል።»

ራሱን ደረቴ ላይ አሳረፈ። ቀሎ ነበር፤ ያን ያህል ቀሎ እንደነበር ያኔ ነው ያወቅሁት።

በማግስቱ ሐኪሟ «ተስማምታችኋል?» ብለው ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን። አዎ አልን። መርፌው የአንድ አፍታ ነገር ነው። ለዚያ ሁሉ ነገር እንዲህ ማጠሩ ገረመኝ። ባሌ ሱሪውን እያስተካከለ ወጣ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ያዝን፣ ወጣን። አንድ ነገር እንደ ቀበርን ሁሉ ቀስ እያልን ወደ ቤት ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልገባንም። በረንዳችን ላይ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። ፀሐይዋ እየበረደች ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች መንገዱ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። እናቶቹ ከየመስኮቱ ስም መጥራት ጀመሩ። አንዱ ይጠራል፣ ይነጫነጫል፣ ይገባል። ሌላው ይጠራል።

«እኔ እኮ ስም ነበረኝ» አልኩት።

«የምን ስም?»

«ለልጁ። ለወንድም ለሴትም የሚሆን። ከተጋባን ጀምሮ ይዤዋለሁ፤ ለእማዬም አልነገርኳት።»

«ንገሪኛ» አለ።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ነገርኩት። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በለሆሳስ አለው፤ ደግሞ አለው። «ጥሩ ስም ነበር» አለ። ነበር ማለቱ አመመኝ፤ ግን ልክ ነው።

ከዚያ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ አባት ልጁን ለእራት እንደሚጠራ ስሙን ወደ መንገዱ ጠራ። «በል ግባ፣ መሽቷል!» አለ።

ልጆቹ ኳሱን አቁመው ቀና አሉ። አንዱ ሌላውን አየ። መካከላቸው በዚያ ስም የሚጠራ አልነበረም፤ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ።